ወረራ በወረፋ

አስካለማርያም በደብረ ብርሃን የሠራተኞች ክበብ የመጀመሪያዋን የቼዝ ግጥሚያ ገና በቅጡ ሳትቀመጥ ተሸነፈች። ተጋጣሚዋ የሒሳብ አስተማሪው ዘይኑልአቢዲን ነበር። ኮቱን አውልቆ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቅሎ፣ በብርድ የደነዘዘ እጁን አፋትጎ ወደ ሰሌዳው ሲዞር፣ የእሷ ወታደሮች ሜዳውን አጋምሰዋል፤ ሁለቱም ፈረሶቿ ወጥተዋል፤ አንዱ ጳጳስ ጥግ ይዟል። እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ፣ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ እንደምትመታው ሁሉ በሁለት እጇ የቀረውን ታሰልፋለች።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ሰውየው እሑድ እሑድ ኳስ የሚያጫውት ነውና ከፊሽካ ሌላ መላ አያውቅም።

«እኅቴ፣ አሊዩ አምባ ገበያ የወጣሽ መሰለሽ እንዴ?» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ ሳቁ እያነቀው። «እኔ እኮ ገና አልተቀመጥኩም!»

«ምን አደረግሁህ? አልነካሁህም» አለች አስካለማርያም፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ። «አንተም አሰልፍ። ማን ከለከለህ?»

«ተራ የሚባል ነገር አለ!»

«ተራማ ከተነካኩ በኋላ ነው።»

ክበቡ በሳቅ ፈነዳ። ቢልያርድ የሚጫወቱት እንኳ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ዳኛው ጥቂት አሰበና በእግር ኳስ ሕግ ፈረደ፤ ከሜዳ አስወጣት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አስካለማርያም ተወልዳ ያደገችው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ከቅዳሴ መልስ በጥቁር ጥብጣብ የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ዘርግተው ከጎረቤት ጋር ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። የእርሳቸው ሰንጠረዥ የድሮው ነው። በድሮው ጨዋታ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። ሁለቱም ተጫዋቾች ያሻቸውን ያህል፣ ባሻቸው ፍጥነት ጦራቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያንን አይቶ የራሱን ይመልሳል፤ ያኛውም ይህን አይቶ ሐሳቡን ይለውጣል። እንዲህ እየተያዩ መደራደሩን ወረራ ይሉታል። አንዱ የሌላውን ሲበላና የመጀመሪያው ሟች ከጨርቁ ላይ ሲነሣ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። አስካለማርያም ይህን የለመደችው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው። እጇ ከእሷ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሆኗል።

ዓይን አፋር ናት። በአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና ስትሠራ ድምፅዋን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ የጽሕፈት መኪናዋን ግን መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሻይ ቤት ገብታ ሻይ ለማዘዝ እንኳ አስተናጋጁ ዞር እስኪልላት ትጠብቃለች። ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት ያ ሁሉ ወንድ በሞላው ክበብ ውስጥ ምን ልትሠራ ገባች?

በወንድሟ ምክንያት ነው። ታናሽዋ ኪዳነ ማርያም ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ከርሟል። ሥልጠናውን ጨርሶ አዲስ አበባ ዳር አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ እንዳለና ከፋሲካ በኋላ ወደ ሰሜን እንደሚንቀሳቀሱ በጭነት መኪና ሹፌር ልኮ ነገራት። አስካለማርያም ፈቃድ ጠየቀች፤ ከቀበሌዋ የይለፍ ወረቀት አወጣች፤ በሶ አስፈጭታ አውቶቡስ ተሳፈረች። የሰፈሩ በር ላይ የቆመው ዘብ ከወንድሟ የማይበልጥ ልጅ ነበር።

«ቤተሰብ አይገባም እኅቴ።»

«ላየው ብቻ ነው። ከሩቅም ቢሆን።»

«የእኔም እናት ከጎጃም መጥተው ከዚችው በር ተመልሰዋል» አላት፣ እንደ ማፈር ብሎ።

ተመለሰች። ጫጫ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ንዴቱም ረኃቡም አንድ ላይ መጣባትና በሶውን ፈታች። ብቻዋን መብላት ደግሞ አልሆነላትም፤ ለጎረቤቷ ዘረጋች፣ ጎረቤቷ ለጎረቤቱ አሳለፈ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ የወታደሩ በሶ አልቆ ተሳፋሪው ሁሉ ይመርቃት ነበር።

በሳምንቱ ክበቡ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የክፍለ ሀገሩ ሠራተኞች የስፖርት በዓል አዲስ አበባ ይደረጋል፤ የቼዝ ውድድሩ የሚካሄደው በጦሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ያለበትን ሰፈር ስም ደግማ አነበበችው። ያው ሰፈር ነው። በዚያ በር ለመግባት የሚያስፈልገው የአውራጃው ቡድን ውስጥ ወንበር ማግኘት ብቻ ነው፤ ከቡድኑ ወንበሮች ደግሞ ያልተያዘች አንዲት ቀርታለች።

ያችን ወንበር ደግሞ ዘይኑልአቢዲንም ፈልጓታል።

ያን ዕለት ከሜዳ ወጥታ ጥግ ላይ ስትቀመጥ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ። የቡድኑ አሠልጣኝ እርሳቸው ናቸው። የፋብሪካ ሒሳብ ሹም ሲሆኑ ቡልጋሪያ ተምረው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጥተዋል፤ እርጎ በስኳር የመብላት ልማድና ስለ ቼዝ አከፋፈት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ። ሲናገሩ ቀስ ይላሉ። በሒሳብ መዝገብና በሰው ፊት አይቸኩሉም።

«ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።» ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ የወንድሟን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ ጋሼ። ሰው አዝኖ ወንበር እንዲለቅልኝ አልፈልግም።»

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አከፋፈት እንፈልግልሽ። ለሚያድግ ተጫዋች አንድ ጥሩ አከፋፈት ይበቃዋል። ልክ እንደ ጫማ ነው፤ ልክሽ ከሆነ ሩቅ ያስኬድሻል።»

በማግሥቱ መጽሐፉን ዘርግተው ለተጫዋቾቹ ሁሉ አከፋፈት አደሉ። የሩሲያ መከላከያ የሚባል አለ ሲሉ የሁሉም እጅ ባንዴ ወጣ። ጊዜው ነዋ! ዘይኑልአቢዲን ግን የሲሲሊያ መከላከያ የተባለውን ወስዶ ገጹን እንደ ቁርኣን በቃሉ ያዘው። አስካለማርያም ፊት ሲደርሱ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለጀማሪ ከጣልያን የተሻለ የለም» አሉ። ደግነቱ ከእሷ በቀር የሰማቸው አልነበረም።

ቅዳሜ በጭነት መኪና አንኮበር ወጣች። ጉሙ ጎረቤላን ውጦት ነበር። መሪጌታ እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘቻቸውና የሆነውን ሁሉ፣ የፊሽካውን ነገር ሳይቀር፣ አንድ ባንድ አወራቻቸው። በፊሽካው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አከፋፈቱ ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

«የምን ጨዋታ አልሽኝ?»

«የጣልያን፣ አባባ።»

«የጣልያን።» መሪጌታ በወጣትነታቸው አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ያሳለፉ ሰው ናቸው። «በስንት መከራ ያስወጣነውን ሰውዬ የእኔ ልጅ በሰንጠረዥ መልሳ ልታስገባው ነው?»

«ስሙ ነው እንጂ ጨዋታው ምንም የለበትም።»

«ሌላ የለም?»

«የሲሲሊያ አለ።»

«ሲሲሊያ የማን ናት?»

አስካለማርያም እሳቱን ቆሰቆሰች። «የጣልያን።»

«ቀጥዪ።»

«የስፔን አለ። ስሙን የሰጠው ቄስ ነው አሉ፣ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል።»

የመሪጌታ ፊት በራ። «ቄስ? በይ በይ በይ! ይኸው፣ እሱን አትይኝም!»

«የካቶሊክ ቄስ ነው።»

ፊታቸው ተመልሶ ጠፋ። እናቷ ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ተሰሙ።

ከዚያ መሪጌታ አዲሶቹን ጠጠሮች እንድታሳያቸው ጠየቁ። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አውሰዋት ስለነበር ሰሌዳውን ዘረጋችላቸው። እርሳቸው ፊል የሚሉት፣ ዝሆኑ፣ በአዲሱ ጨዋታ ጳጳስ ተብሏል። አገላብጠው አዩት።

«ይኼ እንዴት ነው የሚሄደው?»

«በሰያፍ፣ አባባ። የፈለገውን ያህል ርቆ።»

«ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም?»

«አይችልም።»

«ጳጳስ ሆኖ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም» አሉ መሪጌታ፣ ለራሳቸው። «እንዲያው ጠርጥሬ ነበር።»

በሳቅ መሐል ማታው አለፈ። እሑድ ጠዋት ግን መኪናው ድረስ ሲሸኟት ፊታቸው ሌላ ነበር። ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጉሙን ጉሙን እያዩ፣ «ወንበሯን ካገኘሽ ልጁን ታዪዋለሽ?» አሏት።

«አየዋለሁ።»

«እንግዲያው በጣልያንም ቢሆን ግቢ።»

ይህን ቃል ይዛ ተመለሰች። ከአባቷ አፍ መውጣቱን ስታስበው መንገዱን ሙሉ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ዓይኗ ይሞላል።

የጣልያኑ ግን አልሆነም። አስካለማርያም ከሥራ ስትወጣ ክበብ ትገባለች፤ መጽሐፉ እንደሚለው ወታደሩን ትገፋለች፤ ፈረሱን ታወጣለች፤ ጳጳሱን ትልካለች። ተጋጣሚዋ መጽሐፉ እንደሚለው እስከመለሰላት ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከመንገድ ወጣ ያለ ዕለት ግን ግጥሙ ጠፍቶበት መድረክ ላይ እንደቆመ ተማሪ ትሆናለች። ያኔ ደግሞ ያ እጇ ይነሣል፤ አንዱን ጠጠር አንቀሳቅሳ ሳትጨርስ ሁለተኛውን ትይዛለች። ፊሽካው ይነፋል።

«ጓድ አስካለማርያም፣ ቢጫ ካርድ!» ይላል ዘይኑልአቢዲን፣ ከቢልያርዱ ማዶ። «ወላሂ በዚህ ከቀጠልሽ አዲስ አበባ የምትሄጂው ታስረሽ ነው።»

«አንተ ደግሞ ከመጽሐፉ ውጭ ብትጠየቅ ስምህንም አታውቀው» ትለዋለች፣ ቀስ ብላ። ከእሱ ጋር ስትሆን ምላሷ እየተፈታ መምጣቱን እሷም አስተውላለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ክበቡ ባዶ ሲሆን፣ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል መጽሐፉን ዘጉት።

«እስቲ የእናንተን ቤት ጨዋታ አሳዪኝ።»

«ወረራውን? እርስዎም አብረው ማሰለፍ አለብዎት።»

«አሰልፋለሁ።»

ጀመሩ። መጀመሪያ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል በለመዱት ዝግታ አንዲት ወታደር ገፉ። ቀና ሲሉ የእሷ ግራ ክንፍ ተሰልፎ አልቋል። ደንግጠው ሁለት አወጡ። እሷ ያወጣቻቸውን አይታ ፈረሷን መለሰችና በሌላ በኩል አወጣች። እርሳቸውም ጳጳሳቸውን መለሱ። ያ ቀስ ብሎ ተናጋሪ ሰውዬ ትንሽ ቆይቶ ክራቫቱን በትከሻው አሳልፎ፣ «ቆይ! ቆይ! እሱን ከመለስሽማ እኔም እመልሳለሁ!» እያለ ይጮኽ ጀመር። ዘይኑልአቢዲን ለሻይ ሲገባ እንዲህ አራት እጅ ሰሌዳ ላይ ሲራኮት አገኛቸው።

«እንዴ፣ ወረራ!» አለና ሻዩን ረሳው። «አጎቴ ያሕያ ከገበያ መልስ ጨው ነጋዴዎቹን የሚገጥምበት ነው። እኔ እኮ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል አብደው ነው ብዬ!»

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ላባቸውን ጠረጉ። ልጅቷን አተኩረው አዩዋት። «አንቺ የእኔን እያየሽ ነው የራስሽን የምትሠሪው። ለመንካት አትቸኩይም። ቤትሽን አበጅተሽ እስክትጨርሺ ድረስ ጠብ አትፈልጊም።»

«አባቴም፣ በጥድፊያ የነካ ጦሩን ሜዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል ይሉኛል።»

«እንዲህ ያለ አከፋፈት አለ» አሉ፣ መጽሐፉን እንደገና እየገለጡ። «ተጋጣሚ ምንም ቢያደርግ አንቺ የምትሠሪው ቤት ያው አንድ ነው። እዪ፤ መሐል ላይ ሦስት ወታደር እንደ ጎጆ ጣራ ይቆማል። ጳጳሱ ጣራው ሳይከደን አስቀድሞ ይወጣል። ከዚያ ፈረሶች፤ ከዚያ ንጉሡ ቤቱ ይገባል። ገጽ ሙሉ በቃል መያዝ የለብሽም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙ ብቻ አይመችም። የሎንዶን ነው የሚባለው።»

ዘይኑልአቢዲን ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። የኢምፔሪያሊስት ከተማ ስም በሠራተኞች ክበብ ውስጥ እንዴት ይጠራል? «ሌላ ስም እናውጣለት» አለ። «እንደ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ግን ይሰለፋል። ወረራ በወረፋ!»

ስሙ ጸደቀ። ዘይኑልአቢዲን ለራሱ ተጋጣሚ አከፋፈት እንዳጠመቀ ያወቀው ዘግይቶ ነው።

አዲሱ አከፋፈት ልኳ ሆነ። በተለይ አንዱን ነገር ወደደችው፤ ንጉሡን ቤት ማስገባቱን። በአባቷ ጨርቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ንጉሡ ወደ ጥግ ሲሸሽ ግንቡ በላዩ ዘሎ በጎኑ ይቆማል፤ በአንድ ተራ ሁለት ጠጠር ማንቀሳቀስ የተፈቀደበት ብቸኛ ቦታ ነው። እጇ ሲጨንቀው የሚተነፍስበት በር አገኘ። ለቀረው ጊዜ ደግሞ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ግራ እጇ ላይ እንድትቀመጥበት መከሯት። በደብረ ብርሃን ብርድ ምክሩ ለሙቀትም ይጠቅማል።

ለወንበሯ የሚጋጠሙበት እሑድ ደረሰ። ነፋሱ የክበቡን ቆርቆሮ ያንቋቋል። ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ፊሽካው ውኃ ጠጥቷል?» አለ ዘይኑልአቢዲን፣ እየተቀመጠ።

አስካለማርያም ግራ እጇ ላይ ተቀመጠችና ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ገፋች። ሲሲሊያው የሚሠራው ከንጉሡ ፊት ያለው ሲገፋ ነው። ዘይኑልአቢዲን ሰሌዳውን አየ፤ የጣራውን ጅማሬ አየ። ያ ሁሉ በቃል የተያዘ ገጽ ጥቅም የለውም።

«አሃ። ወረራ በወረፋ ነው» አለ፤ ከዚያም ፈገግ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። «እሺ። እኔም የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ።»

እሱም ማሰለፍ ጀመረ። ጨዋታው እንዲህ ሆነ፤ እሷ ፈረስ ታወጣለች፣ እሱ አይቶ ጳጳሱን ያዛውራል፤ እሱ ወታደር ይገፋል፣ እሷ አይታ ትጠጋለች። ማንም ማንንም አይነካም። ከተመልካቹ አንዱ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ሁሉም ጠጠር በሕይወት ነበር።

«ኧረ እዚህ ቤት ሰው አይሞትም?» አለ።

«ዝም በል፤ ልቅሶ የናፈቀህ!» አለው ሌላው።

አስካለማርያም ንጉሧን ቤት ስታስገባ ደስታው በለጣትና ግራ እጇ ከመቀመጫዋ ሥር ወጣ፤ በሁለት እጇ አስገባችው። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አደረሰ። ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁበትና መለሰው።

ዘይኑልአቢዲን ግን ንጉሡን አላስገባም። የእሷን አሰላለፍ እያየ የራሱን ማሳመሩ ጣፍጦት ነበር፤ ነገ አስገባዋለሁ ይላል። ንጉሡ መሐል ላይ ቆሟል፤ ንግሥቲቱ ፊቱ ቆማለች። አስካለማርያም ይህን አየች። ቀይ ጨርቅ ዳር ተቀምጣ ባደገችባቸው ዓመታት የተማረችው ይህንኑ ማየት ነው፤ የማን ቤት አልቋል፣ የማን አላለቀም። የወንድሟ ፊት መጣባት። አሁን ከተሳሳተች ያ በር ሁለተኛ ይዘጋባታል።

መሐሉን ወታደር ገፋች። እሱ በላው። እሷም በላች።

«አላህ!» አለ አንድ ተመልካች። «ሰው ሞተ!»

ሌላ ጥንድ ተበላላ። መሐሉ እንደ ተጠረገ መንገድ ወለል ሲል አስካለማርያም ግንቧን አምጥታ መንገዱ አፍ ላይ አቆመችው። ከግንቡ ፊት ንግሥቲቱ፤ ከንግሥቲቱ ኋላ ንጉሡ። ንግሥቲቱ ዞር ብትል ንጉሡ ይጋለጣል፤ ባትዞር ግንቡ ይበላታል።

ዘይኑልአቢዲን ረጅም ጊዜ አየው። አገጩን አሸ። «ሱብሐነላህ» አለ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ጥቂት ተራ ታገለ፤ እጅ አልሰጥም ብሎ ፈረሶቹን አራወጠ። በመጨረሻ ንጉሡን በጣቱ አስተኛውና ቆሞ እጇን ጨበጠ።

ሻይ ሲጠጡ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል የወንድሟን ነገር ከእንግዲህ ምን ይጎዳል ብለው አወጡት። ዘይኑልአቢዲን ስኒውን አስቀመጠ።

«ለምን አልነገርሽኝም? ተሸንፌልሽ ነበር እኮ።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።»

«ኧረ ባክሽ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በገዛ እጄ ከምዋረድ ለወታደር ብዬ ብሸነፍ አይሻለኝም ነበር?» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «ለእኔም ሰላም በዪልኝ» አላት።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ቡድኑ ተጫነ። የሰፈሩ በር ተከፈተ፤ ዘቡ ስማቸውን እየጠራ አስገባቸው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ በገመድ ተከልለዋል፤ ከገመዱ ማዶ አግዳሚ ወንበሮቹን ወታደር ሞልቷቸዋል። ሁሉም ጠጉራቸው የተላጨ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ። አስካለማርያም ዓይኗን እያንከራተተች ፈለገች፤ አላገኘችውም። ድምፅ ማጉያው ተጫዋቾቹን ሲጠራ፣ «አስካለማርያም ገብረ ጻድቅ» እንዳለ ግን ከኋላ ወንበር አንዱ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

ከስቷል። ጆሮው ትልቅ ሆኗል። ኪዳነ ማርያም ነው።

አለቃውን ሲለምን ከሩቅ አየችው። ፈቃዱ ከነገደቡ ተሰጠው፤ የእኅቱ ጨዋታ እስኪያልቅ ገመዱ ጋ መቆም ይችላል፤ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ መነጋገር ደግሞ በጨዋታ ላይ ክልክል ነው። ይህን አስተናባሪው መጥቶ ነገራትና ሄደ። ወንድሟ መጥቶ ገመዱ ጋ ቆመ። በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር።

ተጋጣሚዋ ሪዛም ሃምሳ አለቃ ነው። አስካለማርያም ጣራዋን ሠራች፤ ጳጳሷን አወጣች፤ ንጉሧን አስገባች። ከዚያ ሁሉም ነገር ተሰልፎ ሲያልቅ፣ መንካት ሲገባት፣ አልነካችም። ፈረሷን መለሰች። በሚቀጥለው ተራ እንደገና አወጣችው። ጨዋታው ሲያልቅ ወንድሟ ይሄዳል። እንዲያልቅ ማን ይቸኩላል?

ሃምሳ አለቃው ጥቂት ታገሠ። «እኅት፣ ዛሬ ውጊያ የለም?» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለማያውቁት ሰው ቃል መተንፈስ ለአስካለማርያም ቀላል አልነበረም። ሆኖም ጎንበስ ብላ፣ «ያ ወንድሜ ነው። ገመዱ ጋ የቆመው። ጨዋታው ሲያልቅ ይወስዱታል» አለችው።

ሰውየው አልዞረም። ሪዙን በሁለት ጣቱ አስተካከለ። ሊበላው በዓይኑ ይዞት የነበረውን የእሷን ወታደር ተወውና ጳጳሱን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሸሸው።

«እኔም የሚያስቸኩለኝ የለም» አላት። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተረኛ አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ጨዋታ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። አንድ ዓይነት ነገር ከደጋገሙ ዳኛው አቻ ብሎ ስለሚያስነሣቸው ሁለቱም በየተራቸው አዲስ ከንቱ ነገር መፍጠር ነበረባቸው። ግንብ ወዲያ ይሄዳል፤ ፈረስ ዞሮ ይመጣል። ሃምሳ አለቃው ተራው ሲደርስ ግንባሩን ይዞ ረጅም ያስባል፤ እያሰበ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ጊዜ አስካለማርያም ቀና ትላለች። ኪዳነ ማርያም ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ፣ «እማማ?» ይላታል። በራሷ ንቅናቄ ደኅና ትለዋለች። «አባባ?» ይላታል። መሪጌታ ዜማ ሲጀምሩ እንደሚያደርጉት አንገቷን ቀልሳ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሳቁን በመዳፉ ይከድናል። «ላሟ?» አላት። ወለደች ለማለት የምታደርገው ምልክት ጠፍቶባት ስትቸገር ሃምሳ አለቃው ቀና ብሎ አያት፤ እሷም እንደገና ቀላች።

ጋሽ ኃይለ ገብርኤል በጎን አልፈው ሰሌዳውን አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ገመዱን ሲያዩ ገባቸውና ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፉ።

ከውጭ የመሰብሰቢያ ጡሩንባ ተነፋ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንኳኩ። ኪዳነ ማርያም ወደ ኋላው ተመለከተ፤ አለቃው እጁን እያወዛወዘ ይጠራዋል። ጥቂት እርምጃ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ዞረና ክልከላውንም አዳራሹንም ረስቶ ጮኸ፤

«አስካል! ንጉሥሽን ጠብቂ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህ ቃል በጦር ሰፈር ውስጥ በዚህ ድምፅ ከተሰማ ዓመታት አልፈዋል። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ካድሬ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ።

«የሰሌዳውን ነው፣ ጓድ» አለ ሃምሳ አለቃው፣ ቀና ሳይል።

ሳቅ ሆነ፤ ካድሬውም ሳይወድ ፈገግ አለ። አስካለማርያም ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ያ ሁሉ ጠጠር በከንቱ ሲመላለስ የሃምሳ አለቃው ንግሥትና ጳጳስ በአንድ ሰያፍ ላይ ገጥመው በቀጥታ የንጉሧን ቤት ያያሉ፤ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ነው። እሷ አላየችም። ሃምሳ አለቃውም ያየ አይመስልም። ወንድሟ ግን ያን ሁሉ ጊዜ እሷን ብቻ ሳይሆን ጨዋታዋንም ሲያይላት ነበር።

ንጉሥዋን አንድ ቤት ፈቀቅ አደረገችው። ቀና ስትል በሩ ባዶ ነበር፤ የቡትሶች ድምፅ እየራቀ ይሰማል።

ሃምሳ አለቃው ፈረሱን አንቀሳቀሰና ውኃ ቀድቶ ወደ እሷ ገፋላት። እስክትጠጣ ጠበቃት።

«አሁን እንጫወት?» አላት።

አስካለማርያም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሰሌዳውን አየች። መሐል ላይ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ጠባቂ ያጣ አንድ ወታደሩ ቆሟል።

«እንጫወት» አለችና በላችው።